የወንጪው የፈረስ ትርዒት

ወንጪን በዓይኑ ያየ ሰው፣ ለወንጪ የጎደለው መንገድ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ሐይቁ ከገደሉ ሥር አለ፣ ደሴቱ ላይ ገዳም አለ፣ ዳገቱን እንሰትና ገብስ ሞልቶታል፣ ፈረስ እንደሆነ በየደጁ ነው። ሌላ ምን ይጨመርበታል? የአውራጃችን የእንግዳ አቀባበል ኮሚቴ ግን የሚጨመር አላጣም። እኔ ያን ጊዜ አምቦ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ኦሮምኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛውንም እንደ ምንም እናገራለሁ። በዚህ ምክንያት ኮሚቴው ውስጥ አስገቡኝ። ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም።

ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር እንግዶች ይመጣሉ፣ የአካባቢውን ተፈጥሮና ባህል ያያሉ ተባለ። ይኼ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። ለመጀመሪያው ስብሰባ ግማሽ ቀን ሄደ። የጌዶው ተወካይ፣ እንግዶቹ የከብት ገበያችንን ሳያዩ ከተመለሱ ጌዶ ተናቀች ማለት ነው ብሎ ተነሣ። የጎጆ ከተማ ተወካይ ደግሞ የዚያ የብርዳም አገሩ ድንችና በግ እንዲታይለት ፈለገ። «እንግዶቹ ጎጆ ድረስ በምን መንገድ ይወጣሉ?» ብዬ ብጠይቀው «እሱን መንገድ ሥራዎች ይጨነቁበት» አለኝ። የአምቦዎቹ ፍል ውሃችን ይቅደም አሉ። ሁሉም ተራ በተራ ተናግሮ ሲያበቃ ሊቀ መንበሩ፣ ወጣቱ ካድሬ፣ ቀድሞውኑ የወሰነውን ነገረን። እንግዶቹ ወንጪን ነው የሚያዩት፤ ወንጪም ላይ የፈረስ ትርዒት ይኖራል።

ካድሬው ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ ነበር። ኦሮምኛ አይሰማም። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፣ ግን አንተ ይለኛል። ክፉ ሰው ነበር ለማለት ይቸግረኛል፤ ሥራውን ይወድ ነበር፣ ችግሩም እሱ ነበር። ወደ ገደሉ የሚያወርደው የእግር መንገድ ዳርና ዳር ያሉት ድንጋዮች ኖራ እንዲቀቡ አዘዘ። ገበሬው የገብስ ማሳውን ትቶ ድንጋይ ሲቀባ ሰነበተ። ዝናብ መጥቶ ኖራውን አጠበው፤ እንደገና ይቀባ ተባለ። ደጃፍ ላይ የተሰጣው የእንሰት ቃጫ ለዓይን ደስ አይልም ተብሎ ተነሣ። እኔ እንግዶቹ ሊያዩ የሚመጡት ይኼንኑ አይደለም ወይ ብዬ ብናገር «ጓድ መምህር፣ ያላደገውን ሳይሆን ያደገውን ነው የምናሳየው» አለ። ያደገው ነገር የትኛው እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም መጠየቁ ሰለቸኝ።

ፈረሰኞቹን የማሰባሰቡ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ቋንቋውን ትችላለህ ተብዬ! ላንድሮቨሩ ቤንዚን ሲያገኝ በላንድሮቨር፣ ሲያጣ በበቅሎ ወደ ወንጪ ተመላለስኩ። የፈረሰኞቹ አለቃ በዚያ ዳገት ላይ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ነበሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳቸውን ተደግፈው ያዳምጡኛል። ተናግሬ ስጨርስ በኦሮምኛ አንድ ነገር ይጠይቃሉ።

«ለምንድን ነው የምንጋልበው?»

«ለእንግዶቹ ነው፣ ኦቦ። እንዲያዩት።»

«ምኑን እንዲያዩት?»

«ግልቢያውን ነዋ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ግልቢያው ለምን ይደረጋል ነው የምልህ፣ በርሲሳ።»

በርሲሳ መምህር ማለት ነው፤ የወንጪ ሰው ሁሉ የሚጠራኝ እንዲሁ ነበር። ከሽማግሌው ጋር እንዲህ ስንሽከረከር እንውላለን። ነገሩ ለእሳቸው ግልጽ ነው። ፈረስ ግላሱን ለብሶ፣ ጌጡ ሁሉ ተደርጎለት፣ ወንዱ ተሰልፎ የሚጋልበው ምክንያት ሲኖር ነው። መስቀል አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ሰርግ አለ፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይጋለባል፣ የሟቹም ፈረስ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ልብሱን ተሸክሞ ይዞራል። ከዚህ ውጭ የሚጋልብ ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ፈረስ ሰርቋል። «መስቀል አለፈ፣ ጥምቀት አልደረሰም፣ ሰርግ የለም፣ የሞተም ሰው የለም» ይሉኛል። እኔ ደግሞ አምቦ ተመልሼ ይኼንን ለካድሬው ማስረዳት አለብኝ። «ንቃት ስለሚጎድላቸው ነው፣ አንቃቸው» ይለኛል። አንድ ቀን እዚያው ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልታመም ብዬ ከልቤ አስቤአለሁ።

ወደ ሽማግሌው ቤት ስወጣ ሁልጊዜ ከገደሉ አፋፍ ካለች አንዲት ጎጆ ጎራ እል ነበር። የሽማግሌው ሟች ወንድም ሚስት ናት የምትኖርባት። አንድ ልጅ ነበራት። እኔ ጋ አምቦ ተማሪ ነበር፤ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራቡን ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ የማያወልቅ፣ ካርታ ሲስል ምላሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ልጅ። በዚያ በሽብሩ ጊዜ ከተከራየበት ቤት ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ሬሳውን አልሰጧትም፣ የት እንደተቀበረም አልነገሯትም። ከሁሉ የባሰው ግን ለቅሶ እንዳትቀመጥ መከልከሏ ነው። ሊያጽናናት የመጣ ጎረቤት ለምን ተሰበሰብክ ተብሎ ተጠየቀ። ዓመታት አልፈው ሽብሩ ራሱ ከቆመ በኋላም አሁን ማልቀስ ይቻላል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮም የለም።

በሄድኩ ቁጥር ወተት ትሰጠኝና አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። «ልጄ፣ እርሜን ሳላወጣ ልሙት ነው?» እኔ ወተቴን እጠጣለሁ። በመንግሥት ተናድጄ፣ በራሴ ተናድጄ፣ ወተቱ ትኩስ በመሆኑ ሳይቀር ተናድጄ እወጣለሁ።

ካድሬው የመጨረሻ ቀነ ገደብ የሰጠኝ ሰሞን ለሽማግሌው ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ፈረስ ካልተጋለበ ሰው ይታሰራል፣ ከሚታሰሩትም አንዱ እኔ ነኝ አልኩ። እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። «መስቀል አለፈ፣ ጥምቀት አልደረሰም፣ ሰርግ የለም፣ የሞተ ሰው...» አሉና አቆሙ። ወደ አፋፉ፣ ወደ ጎጆዋ ተመለከቱ።

«የሞተስ ሰው አለ» አሉ።

ወዲያው ገባኝ። ገብቶኝም ያልገባው መምሰል አማረኝ። ኮሚቴው፣ ኖራው፣ ድንቹ፣ ቤንዚኑ አንሶኝ ደግሞ ይኼ? «ኦቦ፣ ልጆች አሉኝ» አልኳቸው። «እኔስ የለኝም?» አሉኝ። «ምክንያት አምጣ ስልህ አልነበር? ምክንያቱ ይኸው። እነሱ ትርዒት ይበሉት፤ እኛ በወንድሜ ልጅ ለቅሶ ላይ እንውላለን። ያለዚያ ኮርቻ የሚጭን ሰው አታገኝም።»

ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እኔ ሕግ አወጣሁ፤ ያለ ሕግ እሺ ማለት አልቻልኩም። የልጁ ስም አይጠራም። ሴቶቹ ጥቁር አይለብሱም። ሙሾ የለም፣ ደረት መምታት የለም፣ እናቲቱ ድምፅ አውጥታ አታለቅስም። እንግዶቹን የሚያጅበው አብዮት ጥበቃ ሁሉ የአገሩ ልጅ ነው፣ ኦሮምኛ ይሰማል፤ አንዱ ሄዶ ቢናገር አለቀልን። ሽማግሌው «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። እሷ ዘንድ ሄጄ ራሴ ነገርኳት። መጀመሪያ እጄን ሳመች፤ ነጠቅኋት። ከዚያ «ሳላለቅስ እንዴት ነው እርም የሚወጣው?» አለችኝ። «እማማ፣ ካለቀሱ ሁላችንም እንጠፋለን» አልኳት። ጎረምሳ እንደሚቆጣ ሰው ነው የተናገርኩት፣ ፈርቼ ስለነበር። «እሺ፣ አላለቅስም» አለች።

ካድሬው ደግሞ ልምምድ ካላየሁ አለ። ሽማግሌው ለቅሶ ልምምድ የለውም ብለው እንቢ አሉ። እኔ መካከል ላይ ቆሜ «ጓድ፣ ፈረሶቹ ከደከሙ በዕለቱ አይሮጡም» ብዬ አሳመንኩት። በዚያ ኮሚቴ ውስጥ ከተናገርኩት ሁሉ ሰው የተቀበለኝ ያንን ብቻ ነው።

የእንግዶቹ ቀን ጭጋግ ሆነ። ሐይቁ የለም! ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ወደ ታች ስናይ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ካሜራ በአንገቷ ያንጠለጠለች ወፍራም ሴትዮ፣ «ሐይቁ ወዴት ነው?» አለችኝ። በጣቴ ጭጋጉን አሳየኋት። መኪኖቹ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረው ስለነበር አርፍደን ነው የደረስነው። ካድሬው ግን ከፕሮግራሙ አንዲት ነገር አልቀነሰም። ንግግር አደረገ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ንግግር አደረገ። የወረዳው ሴቶች ማኅበር ንግግር አደረገ። እኔ ሁሉንም ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለነበረ ሦስተኛውን ሳልሰማ ነው የተረጎምኩት። ቀጥሎ ከአምቦ በጭነት መኪና የመጣው የኪነት ቡድን ተነሣ፤ አኮርዲዮኑ እርጥበት ገብቶት ይታፈናል፣ እነሱ ግን መዝሙራቸውን እስከ መጨረሻው ዘለቁት። ቀጥሎ ምሳ። ቀጥሎ እንግዶቹ ጀልባ ካልተሳፈርን አሉ። ጭጋግ ውስጥ፣ ለማያዩት ሐይቅ! ወርደን ተሳፍረን ተመልሰን ወጣን።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ፈረሰኞቹ ከሜዳው ማዶ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሴቶቹ ከዛፎቹ ሥር ነጭ ለብሰው ቆመዋል። እሷ መካከላቸው ነች፤ ቁመቷ አጭር ስለሆነ የማየው ነጠላዋን ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምራ ቆማለች።

ከሐይቁ እንደወጣን ካድሬው ሰዓቱን አየና «በል፣ መሽቶብናል፣ ፈረሱ ይቅር» አለኝ።

ይቅር! ስንት ጊዜ ዳገት ያስወጣኝ፣ አስራችኋለሁ ብሎ ያስፈራራኝ፣ ንቃት የላቸውም ያለኝ ሰው፣ አሁን ይቅር። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደተናገርኩ የተረዳሁት እንግዶቹ ዘወር ሲሉ ነው። «ጓድ፣ እነዚህ ሰዎች በትእዛዝዎ ከጠዋት ጀምረው ቆመዋል! ሕዝቡ ባህሉ ተናቀ ይላል! ነገ ማንን እናዝዛለን?» አልኩት። ተገረመ። ያን ያህል አብዮተኛ መሆኔን አያውቅም ነበር። «እሺ፣ አጭር ይሁን» አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

ፈረሶቹ ቀይና ቢጫ ግላሳቸውን ለብሰው ከጭጋጉ ወጡ። ወንዶቹ በጥንድ በጥንድ ወደ እኛ ጋልበው እየመጡ፣ እንግዶቹ ፊት ሲደርሱ ልጓም እየሳቡ ይመለሳሉ። እያንዳንዱ ሲዞር አንድ ነገር በኦሮምኛ ይጮኻል። ካድሬው ምን ይላሉ ይለኛል። «ጀግና ያወድሳሉ» አልኩት። ይሉ የነበረው ግን «ለጋ ነበርክ፣ ገብሱ ሳይደርስ ያጨዱህ» ነበር። ስም አልጠሩም፤ ሕጌን አክብረዋል። አጠገባችን የቆመ ወጣት አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ አፈ ሙዙን ወደ መሬት ደፋው፣ የሰው ቀብር ላይ እንደሚደረገው። እንባው እየወረደ ነው። ካድሬው አየውና «ይኼ ምን ሆኗል?» አለኝ። «ብርዱ ነው፣ ጓድ» አልኩት።

ከዚያ አንድ ፈረስ ብቻውን መጣ። ሽማግሌው በእግራቸው እየሄዱ ይስቡታል። ኮርቻው ላይ ማንም የለም። ኮርቻው ላይ ጋሻ አላደረጉም፣ ካባም አላደረጉም፤ ልጁ ይኼ ሁሉ አልነበረውም። ያደረጉት ያንን ሰማያዊ ሹራብ ነው፤ በወሰዱት ሌሊት አልጋው ላይ የቀረውን። እጅጌዎቹ በፈረሱ ጎንና ጎን ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ። ሹራቡ እንደሚኖር ማንም አልነገረኝም። ትርጉም የሚጠብቁ እንግዶች ከጎኔ ቆመዋል።

ባለ ካሜራዋ ሴትዮ «ባዶው ፈረስ ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ላልመጣ ሰው ክብር ነው» አልኳት። አልዋሸሁም።

ፈረሱ ሴቶቹ ጋ ሲደርስ እሷ ከመካከላቸው ወጣች። ሹራቡን በሁለት እጇ ያዘችው፣ ፊቷን ቀበረችበት። አሁን ልትጮኽ ነው፣ አሁን አበቃልን ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ቀና አለች። አላለቅስም ብላኝ ነበርና እልል አለች። እንባዋ እየወረደ፣ የአንገቷ ሥር እየተገተረ፣ እልልታዋ ከገደሉ ማዶ እየተመለሰ ደጋግማ እልል አለች። ሴቶቹም ተቀበሏት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እልልታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ካድሬውም አጨበጨበ።

ሴትዮዋ ክንዴን ነካችኝ። ፈረሱ ሲያልፍ ፊልሟ አልቆባት እየቀየረች ስለነበር አልተነሣላትም፤ እባክህ እንደገና ይዞርልኝ አለች። ልሰድባት የምችልበት እንግሊዝኛ አጠረኝ። ካድሬው ግን ጥያቄዋን በእጅ ምልክቷ ገብቶት «ይዞር! ይዞር!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው እኔን አዩኝ። ሄጄ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ልጓሙን ጎትተው ፈረሱን እንደገና ከሜዳው ጫፍ አመጡት። እሷም እንደገና ተቀበለችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ረዘመ፤ ማንም አጭር ይሁን አላለም።

ወደ መኪናው ስንመለስ ካድሬው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ፊቱ በርቷል። «ጓድ መምህር፣ ይኼ ነው ባህል! ያ የእናቶች ስሜት፣ ያ እልልታ! ከእንግዲህ ወንጪ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ይኼው ይደገማል። ሌላ የልዑካን ቡድን በቅርቡ ይመጣል፣ ንገራቸው።»

ይደገማል። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዴት ይለቀሳል? ያ ሁሉ ዳገት፣ ያ ሁሉ ፍርሃት፣ አሁን ደግሞ ሄጄ አንዲት እናት ዛሬ ያወጣችውን እርም ለባለ ካሜራ ሰዎች እንደገና እንድታወጣው ልለምን ነው። እንግዶቹ እስኪሳፈሩ መቆየት አልቻልኩም። እቃ ረሳሁ ብዬ እየሮጥኩ ተመለስኩ፤ ጭቃው ጫማዬን አወለቀው፣ ተመልሼ አነሣሁት። እሷ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ሹራቡን ታጥፈዋለች። ሽማግሌው አጠገቧ ቆመዋል። ካድሬው ያለውን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ እንቢ በሉ፣ በራሴ መንገድ ሰበብ እፈልግለታለሁ፣ ፈረሶቹ ታመሙ እላለሁ አልኩ።

እሷ ሹራቡን አጥፋ ጨረሰች። ድምፅዋ በእልልታው ብዛት ተዘግቷል።

«እንቢ አትበል፣ ልጄ» አለችኝ። «የእኔ አልቋል። ያቺ ከማሳው ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ግን ያልተለቀሰላቸው ሁለት አሏት። ከእሷ ወዲያ ያሉትም አሉ። እንግዶቹ እስከ መቼ ነው የሚመጡት?»